የ2022 የፎርሙላ ዋን መኪናዎች፦ መርሴዲስን የጎዳው ቀጭኑ ጎን ነው ወይስ ከሥር ያለው ወለል?

የነፋስ ስልክ ልጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ፎርሙላ ዋንን ለዓመታት በቴሌቪዥን ስከታተል ቆይቻለሁ፤ የመኪናዎቹን ቅርጽ በጥሞና ማየት የጀመርኩት ግን ደንቡ ከሥር መሠረቱ በተለወጠበት በ2022 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚያ ዓመት ሦስቱ ትላልቅ ቡድኖች አንድ ደንብ አንብበው ሦስት የማይመሳሰሉ መኪናዎች ሠርተው መጡ። የሬድ ቡል አርቢ18 ጎኖቹ (በአሽከርካሪው ግራና ቀኝ ራዲያተሮቹን የሚሸፍኑት የአካል ክፍሎች) ሰፊ ሆነው ከሥራቸው በጥልቀት የተቦረቦሩ፣ ላያቸው ደግሞ ወደ ኋላ ጎማ እየተንሸራተተ የሚወርድ ነበር። የፌራሪ ኤፍ1-75 ጎን መሃሉ እንደ ገንዳ የጎደጎደ ሲሆን፣ ሙቀት የሚወጣባቸው ስንጥቆች ላዩ ላይ ተደርድረውበት ነበር። የመርሴዲስ ደብልዩ13 ግን በመጋቢት ወር ባህሬን ላይ ለሙከራ ሲወጣ ጎን የሚባል ነገር ያለው አይመስልም ነበር፤ አካሉ ወደ ሞተሩ ተጠግቶና ቀጥኖ፣ ወለሉ ከላይ ሲታይ ገላጣ ሜዳ መስሎ ቀርቶ ነበር። ተመልካቹም «ዜሮ ፖድ»፣ ማለትም ጎን አልባ፣ የሚል ስም አወጣለት።

የዓመቱ ውጤት የታወቀ ነው። ከ22 ውድድሮች ሬድ ቡል 17፣ ፌራሪ 4፣ መርሴዲስ 1 አሸነፉ። ከ2014 እስከ 2021 ለስምንት ተከታታይ ዓመታት የቡድኖችን ዋንጫ የወሰደ ቡድን በአንድ ዓመት እንዲህ መውረዱ ስለሚከነክነኝ ከጓደኞቼ ጋር ደጋግመን ተወያይተንበታል። አብዛኞቹ ጥፋቱን የሚጥሉት በዚያ ቀጭን ጎን ላይ ነው፤ ማስረጃቸውም ቡድኑ ራሱ በ2023 ሞናኮ ላይ ቅርጹን መተዉ ነው።

እኔን ግን ሁለት ነገሮች አላሳመኑኝም። በኅዳር 2022 ሳኦ ፓውሎ ላይ ጆርጅ ራስል አንደኛ፣ ሉዊስ ሃሚልተን ሁለተኛ ሆነው የጨረሱት በዚያው ቀጭን ጎን ነው። ቅርጹ ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ቡድኑ 2023ን የጨረሰው አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ነው። ቅርጹ በሽታው ከነበረ፣ ሲወገድ ለምን መኪናው አልዳነም? በሙያው ወይም በንባብ የምታውቁት ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሞላና ዘንግ፦

ጥያቄዎን በደስታ አነበብኩት፤ ምክንያቱም ዓይን የሚያየው ጎኑን ሲሆን ሥራውን የሚሠራው ግን ዓይን የማያየው ወለሉ ነው፤ ክርክሩም ዘወትር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከ1983 ጀምሮ ደንቡ የመኪናው ወለል ጠፍጣፋ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ማሪዮ አንድሬቲ በ1978 ዋንጫ የወሰደበት ሎተስ 79 እንዳሳየው፣ የወለሉን ቅርጽ እንደ ተገለበጠ ክንፍ በመሥራት መኪናውን ወደ መሬት መምጠጥ ይቻል ነበር። የ2022ቱ ደንብ ይህንን አሠራር በአዲስ መልክ መለሰው። በዚያ ደንብ በተሠሩት መኪናዎች ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ቦዮች ነበሩ፤ ቦዮቹ ከፊት ሰፍተው ይጀምሩና መሃል ላይ ከመሬት ጋር ያላቸው ክፍተት ይጠባል፣ ከዚያም ወደ ኋላ እንደገና ይከፈታሉ። ዓባይ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ ሥር ሲጠብ እንደሚፈጥን ሁሉ፣ አየሩም በጠባቡ ቦታ ይፈጥናል፤ የፈጠነ አየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከላይ ያለው ከፍተኛ ግፊትም መኪናውን ወደ አስፋልቱ ይጫነዋል። ዳውንፎርስ የምንለው ይህ ጭነት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ላይ የነበረው በ300 ኪሎ ሜትር አራት እጥፍ ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። መኪናው በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይጫናል፤ በተጫነ ቁጥር ወለሉ ወደ መሬት ይቀርባል፤ በቀረበ ቁጥር መምጠጡ ይበረታል። ነገር ግን ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲጠብ አየሩ ማለፊያ ያጣና ፍሰቱ ይታፈናል፤ መምጠጡ በቅጽበት ይወድቃል፣ የተጨመቀው ሞላና ጎማም መኪናውን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከፍ ሲል ፍሰቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጠጣል። በቀጥታው መንገድ መጨረሻ ላይ የአሽከርካሪዎቹ ጭንቅላት በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲናጥ ያዩት ይህ ነው፤ ስሙም ፖርፖይዚንግ ይባላል። ሃሚልተን በ2022 ባኩ ላይ ውድድሩን አራተኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ወገቡን ይዞ በጭንቅ ከመኪናው ሲወርድ የታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መርሴዲስ የነበረው ምርጫ መራራ ነበር። መኪናውን ዝቅ ካደረገ ይነጥራል፤ ከፍ ካደረገ ወለሉ መምጠጡን ያጣል። የጎደለውን ለማካካስ ትልቅ የኋላ ክንፍ መጫን ግድ ይሆናል፤ ትልቅ ክንፍ ደግሞ በአየር ላይ ያለውን እንቅፋት፣ ማለትም ድራጉን ይጨምራል፤ በቀጥታው መንገድም ፍጥነት ይጠፋል። ረጃጅም ቀጥታ መንገዶች ባሉበት ስፓ ላይ የመነሻ ሰልፉ በሚወሰንበት ማጣሪያ ከሬድ ቡሉ ቬርስታፐን ከ1.5 ሰከንድ በላይ የራቁት፣ ማዕዘን በሚበዛበት ሀንጋሮሪንግ ግን ራስል አንደኛ ሆኖ የተሰለፈው፣ አንድ መኪና በአንድ ክረምት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ወሳኝ ማስረጃ የምለው ይህን ነው። በየካቲት ባርሴሎና ላይ መርሴዲስ የመጣው በተለመደ ዓይነት ጎን ነበር፤ መንጠሩ ግን በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ፣ በመርሴዲስም ጭምር፣ ያኔውኑ ታይቷል። ቀጭኑ ጎን የመጣው ከዚያ በኋላ ባህሬን ላይ ነው። ስለዚህ ጎኑ በሽታውን አላመጣውም።

ሬድ ቡል ያሸነፈው በሳስፔንሽኑ፣ ማለትም ጎማውን ከአካሉ ጋር በሚያያይዘው የሞላ ሥርዓት፣ ነው ብዬ አምናለሁ። የ2022 ደንብ ቀደም ሲል ንዝረትን የሚያረጋጉ የነበሩትን ኢነርተርና የሃይድሮሊክ ትስስሮችን ከልክሏል፤ ቡድኖቹ በቀላል ሞላ፣ ዘንግና ሾክ አብሶርበር ብቻ መኪናውን ማረጋጋት ነበረባቸው። የሬድ ቡል መኪናዎች ዋና ንድፍ አውጪ የነበረው አድሪያን ኒዊ በወጣትነቱ የመጀመሪያውን የወለል ዘመን መጨረሻ ያየ ሰው ነው። የጎማውን እንቅስቃሴ ወደ ሞላው የሚያደርሰው ዘንግ በአርቢ18 ፊቱ ላይ የሚጎተት፣ ኋላው ላይ የሚገፋ ሆኖ መጣ፤ የፊት ክንዶቹ አቀማመጥም ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው እንዳይደፋ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ወለሉ ከመሬት ያለው ርቀት ፍሬን ሲያዝም፣ በማዕዘን ሲጠመዘዝም፣ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥም ብዙ አይዋዥቅም ነበር።

ቀይ ኮፈን፦

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ግን ውይይቱ ሬድ ቡልና መርሴዲስን ብቻ የሚያወዳድር ከሆነ ፍርዱ ይዛባል። የፌራሪ ደጋፊ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም ይህን የምለው፤ ኤፍ1-75 ለጥያቄው ጥሩ መመዘኛ ስለሆነ ነው።

በ2022 ከ22 ማጣሪያዎች ፌራሪ 12 ጊዜ አንደኛ ሆኖ ተሰልፏል፤ ሻርል ሌክሌር 9፣ ካርሎስ ሳይንዝ 3። ሬድ ቡል 8 ብቻ ነው ያለው። ይህ ማለት በአንድ ዙር ንጹሕ ፍጥነት፣ በተለይ ከዝግተኛ ማዕዘን ሲወጣ፣ የገንዳው ቅርጽ ከሬድ ቡል የተንሸራታች ቅርጽ አያንስም ነበር። ገንዳው አየሩን በላዩ ሰብስቦ ወደ ኋላ ክንፉ ሥርና ወደ ዲፊውዘሩ (ወለሉ ከኋላ ወደ ላይ ወደሚከፈትበት ክፍል) አካባቢ ይመራዋል፤ ሬድ ቡል ደግሞ ያንኑ አየር በጎኑ ትከሻ ላይ አውርዶ በኋላ ጎማው ውስጠኛ ገጽታ አጠገብ ያሳልፈዋል። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው አንድ ነው፤ ወለሉ በሚያበቃበት ቦታ ላይ ንጹሕና ፈጣን አየር ማድረስ። ሌክሌር በባህሬንና በአውስትራሊያ ያሸነፈው፣ በስፔንና በባኩ ደግሞ እየመራ ሳለ ሞተሩ የከዳው በዚሁ መኪና ነው፤ ዋንጫው የጠፋው በቅርጹ አይደለም።

ቅርጽ መገልበጥ ብቻውን የማይበቃ መሆኑንም አስቶን ማርቲን አሳይቷል። በግንቦት 2022 ባርሴሎና ላይ የመኪናውን ጎን ለውጦ ሲመጣ ሬድ ቡልን ከመምሰሉ የተነሣ የውድድሩ የበላይ አካል ኤፍ አይ ኤ ጉዳዩን መርምሮ ነበር፤ ጥፋት አላገኘበትም። ተመልካቹ «አረንጓዴው ሬድ ቡል» አለው። ውጤቱ ግን ወዲያው አልመጣም፤ ቡድኑ ያንን ዓመት በሰባተኛነት ጨረሰ። መኪናው እውነተኛ ፍጥነት ያገኘው በቀጣዩ ዓመት አዲስ መኪና ሲሠራ ነው፤ በ2023 ፈርናንዶ አሎንሶ ስምንት ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ።

በሳስፔንሽኑ ጉዳይ ግን ከ«ሞላና ዘንግ» ጋር አልስማማም። የማክላረን የ2022 መኪናም ፊቱ ላይ የሚጎተት፣ ኋላው ላይ የሚገፋ ዘንግ ነበረው፤ ልክ እንደ ሬድ ቡል። ውጤቱ አምስተኛ ደረጃ ነው። ዘንጉ ተጎተተ ወይም ተገፋ ብሎ ድልን ማስረዳት፣ ጎኑ ሰፋ ወይም ጠበበ ብሎ ከማስረዳት ብዙም አይሻልም።

የነፋስ ስልክ ልጅ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኛል። እነዚህ ቡድኖች ሞዴል ላይ አየር እየነፉ የሚፈትኑበት የነፋስ ዋሻ አላቸው፣ በኮምፒዩተርም የአየሩን ፍሰት ያሰላሉ። እንዲህ ያለ ከባድ መንጠር አስቀድሞ እንዴት ሳይታይ ቀረ? ጎኑ ምንም አላደረገም ከተባለስ መርሴዲስ ለምን ጣለው?

አዙሪት፦

መጀመሪያ ስለ ዋሻው። በደንቡ መሠረት የሚፈተነው ሞዴል ከእውነተኛው መኪና 60 በመቶ መጠን አይበልጥም፤ የአየሩም ፍጥነት በሰከንድ ከ50 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር ማለፍ አይችልም። መንጠሩ የሚበረታው ግን ከዚያ በጣም በሚያልፍ ፍጥነት ነው። በተጨማሪም ሞዴሉ ከላይ በወረደ ምሰሶ ተይዞ ከፍታው በመሣሪያ የሚወሰን ነው እንጂ በራሱ ሞላና በራሱ ጎማ ላይ ተቀምጦ የሚነጥር አይደለም። ስለዚህ ዋሻው «በዚህ ከፍታ ይህን ያህል ትጫናለህ» ይላል፤ «በዚህ ከፍታ መቆየት ትችላለህ» አይልም። እንደ እኔ እምነት የመርሴዲስ ስህተት የተፈጠረው በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነው። መሐንዲሶቹ ወለሉ እጅግ ዝቅ ሲል የሚሰጠውን ትልቅ ቁጥር አሳደዱ፤ ቁጥሩ እውነተኛ ነበር፣ ግን በመንገድ ላይ ሊደረስበት የማይችል ከፍታ ላይ ነበር የተቀመጠው። ሬድ ቡል የመረጠው ወለል ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም ሥራውን የማያቆም ወለል ነው።

የሙከራ ሰዓቱም እኩል አይደለም። ደንቡ ለአሸናፊው ያነሰ፣ ለተሸናፊው የበለጠ የዋሻ ሰዓት ይሰጣል። በ2022 መጀመሪያ መርሴዲስ የ2021 ሻምፒዮን ስለነበር ከመነሻው ልክ 70 በመቶ ብቻ ሲያገኝ፣ ሬድ ቡል 75፣ ፌራሪ 80 በመቶ አግኝተዋል። ይህ ስህተቱን አይፈጥርም፤ ስህተት ውስጥ የገባ ቡድን ለመውጣት ያለውን ጊዜ ግን ያሳጥራል።

ስለ ጎኑ ደግሞ፣ ከሁለታችሁም በተለየ፣ ምንም አላደረገም ብዬ አላምንም። ከፊት ጎማው ጀርባ የሚወጣው አየር የታወከ ነው፤ ይህ የታወከ አየር ወደ ወለሉ ጠርዝ ከገባ ከሥር ያለውን ዝቅተኛ ግፊት ያፈርሰዋል። ከ2022 በፊት ይህን አየር ወደ ውጭ የሚገፉ ብዙ ቅጠል መሰል ክንፎች ከጎኑ ፊት ለፊት ነበሩ፤ አዲሱ ደንብ አነሣቸው። ስለዚህ የጎኑ ስፋት ራሱ የጎማውን አየር ወደ ውጭ የሚገፋ ግድግዳ ሆነ። ሰፊ ጎን የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። መርሴዲስ ግድግዳውን አፍርሶ በምላሹ ወደ ኋላ የሚሄድ ብዙ አየር አገኘ፤ ወለሉ ግን ያለ ጠባቂ ቀረ። ሌላም ነገር አለ። በሰፊ ጎን ሥር ያለ ወለል ከላይ ይደገፋል፤ ገላጣ ወለል ግን ጠርዙ ረጅምና ልቅ ስለሚሆን በጭነት ይታጠፋል፣ መታጠፉም ክፍተቱን ይለዋውጣል፣ መንጠሩንም ይመግበዋል። በዚያ ዓመትም ወለሉን ከአካሉ ጋር የሚያስር ተጨማሪ ማሰሪያ እንዲገጠም ተፈቅዶ ነበር።

ስለዚህ ጎኑ በሽታውን አላመጣም በሚለው እስማማለሁ፤ ሕክምናውን ግን አክብዷል። ኤፍ አይ ኤ ከቤልጂየም ውድድር ጀምሮ የመንጠሩን መጠን የሚለካ ገደብ አወጣ፤ ለ2023 ደግሞ የወለሉን ጠርዝ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረገው። ይህ ሲሆን ከመሬት ተጣብቆ በመሮጥ ላይ የተመሠረተው የመርሴዲስ ሐሳብ የቀረውን ተስፋ አጣ።

ሞናኮ ላይ የተለወጠው ጎን ለምን እንዳላዳነው ጠይቀዋል። የተለወጠው የውጭ አካሉ ነው፤ ቻሲው (የመኪናው ዋና አጽም)፣ የአሽከርካሪው መቀመጫ ቦታና በጎን ግጭት የሚከላከሉት ምሰሶዎች አቀማመጥ ያው ነበሩ። ሃሚልተን በዚያ ዓመት ወደ ፊት ጎማዎቹ በጣም ተጠግቶ መቀመጡ የመኪናውን ስሜት እንደሚያሳጣው ደጋግሞ ተናግሯል። የወጪ ጣሪያ ባለበት ውድድር በውድድር ዓመቱ መሃል አዲስ ቻሲ መሥራት የማይታሰብ ነው። መቀመጫው ወደ ኋላ የሄደው በ2024ቱ ደብልዩ15 ነው፤ በዚያ ዓመትም መርሴዲስ በኦስትሪያ፣ በሲልቨርስቶን፣ በስፓና በላስ ቬጋስ አሸንፏል።

ሞላና ዘንግ፦

«ቀይ ኮፈን» ስለ ማክላረን ያነሡት ትክክል ነው፤ ዘንጉን ከሚገባው በላይ አግንኜው ነበር። ለማለት የፈለግሁት የዘንጉን ዓይነት ሳይሆን ወለሉና ሳስፔንሽኑ አንድ ላይ፣ አንዱ ለሌላው ታስበው መሠራታቸውን ነው። ማክላረንም ይህን ያረጋግጣል፤ በ2023 ኦስትሪያ ላይ ወለሉንና ጎኑን አንድ ላይ መለወጥ ሲጀምር፣ ዘንጎቹ ሳይነኩ፣ ከኋላ ሰልፍ ተነሥቶ ላንዶ ኖሪስ በቀጣዩ የሲልቨርስቶን ውድድር ሁለተኛ ሆነ።

ስለ ድራግ ያነሣሁትንም በአንድ ምሳሌ ላጠናክር፤ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ቅርብ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝቅ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሁሉም ቡድኖች እንደ ጠመዝማዛው ሞናኮ ያለ ትልቅ ክንፍ ጭነው ሳለ የሚያገኙት ጭነት፣ ትንሽ ክንፍ እንደሚጫንበት እንደ ፈጣኑ ሞንዛ፣ አነስተኛ ነው። በእንደዚህ ያለ ቦታ ትልቅ እንቅፋት ያለው መኪና ከሌላ ቦታ ያነሰ ይቀጣል። በ2022 ሃሚልተን እዚያ ሁለተኛ፣ ራስል አራተኛ ሆነው ጨረሱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም የሳኦ ፓውሎ ድል መጣ። መኪናው በመጨረሻዎቹ ወራት መሻሻሉ እርግጥ ነው፤ ግን ስሱ አየር የደበቀለት ጉድለትም ነበረ።

ቀይ ኮፈን፦

ይህን ክርክር በዓይን ማየት ለሚፈልግ የ2023 ሞናኮ ቅዳሜን ፎቶግራፎች እንዲፈልግ እመክራለሁ። በዚያ ቀን በመጨረሻው ልምምድ ሃሚልተን፣ በማጣሪያው ደግሞ የሬድ ቡሉ ሰርጂዮ ፔሬዝ ከግድግዳ ጋር ተጋጩ፤ ሁለቱንም መኪናዎች ክሬን ወደ ላይ ሲያነሣቸው ወለሎቻቸው ለካሜራው ተጋለጡ። ቡድኖች ከማንም የሚሰውሩት ነገር በአንድ ቀን ጎን ለጎን የታየበት አጋጣሚ ነው። የመርሴዲስን ሥዕል ስታዩ የቦዩ ጣሪያ በአንጻሩ ረጅምና ለስላሳ ሆኖ ወደ ኋላ ሲሄድ ታያላችሁ። የሬድ ቡል ግን በየደረጃው የሚነሣና የሚወድቅ ነው፤ ቦዩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይጠብም፣ ጠርዞቹ ታጥፈዋል፣ አየሩ በአንዱ ክፍል ቢታፈን በሌላው የሚቀጥል ይመስላል። ሥዕሎቹን የጎኑን አካል በእጃችሁ ሸፍናችሁ ተመልከቷቸው።